ልጄ ዘንድሮ ካቶሊክ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ይጀምራል፤ ከመጀመሩ በፊት ምን ልጠይቅ?

የሜዳ አበባ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ይገባል። ያስመዘገብነው ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው፤ እኛ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነን። ትምህርት ቤቱን የመረጥነው ሰዎቹን አይተን ነው። ለምዝገባ የሄድን ዕለት አንዲት ሲስተር ቁጢጥ ብላ ዓይን ለዓይን እያየችው ስሙን ጠየቀችው፣ ቀጥላ የሚወደው እንስሳ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፣ እኛን ያናገረችን እሱ መልሶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ባለቤቴም እኔም እዚያው ወሰንን።

አሁን ግን ቀኑ ሲቃረብ ሐሳብ ያዘኝ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ጸሎት አለ። የሃይማኖት ክፍለ ጊዜ አለ። አልፎ አልፎ ቅዳሴ አለ። ልጄ ግራ ይገባው ይሆን? ከጓደኞቹ የተለየ እንደሆነ ይሰማው ይሆን? በዚያ ላይ ከቤት ብዙም ያልወጣ ልጅ ነው፤ መዋለ ሕፃናትም የዋለው ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ሙሉ ቀን ተለይቶኝ ሲውል እንዴት እንደሚሆን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ልጆቻችሁን እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ያስገባችሁ፣ እዚያ የምታስተምሩ፣ ወይም ራሳችሁ የተማራችሁ ካላችሁ እስቲ ምከሩኝ። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ምን ልጠይቅ? ቤት ውስጥስ ምን ላዘጋጅ?

የሦስት ልጆች አባት፦

እንኳን ለዚህ አበቃሽ እህቴ። እኛ ሙስሊም ነን፤ ሦስቱም ልጆቼ የገቡት ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው፤ ትልቋ ጨርሳ ወጥታለች። የምነግርሽ ያየሁትን ነው።

ትምህርት ሳይከፈት ዳይሬክተሯን አነጋግሪ። ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። እኔ የጠየቅኋት እንዲህ ብዬ ነው፦ ልጄ ሙስሊም ናት፤ ጸሎት ሲደረግ ምን ታደርጋለች? ቅዳሴ ሲኖር የት ትሆናለች? አድጋ መጾም ስትጀምር ማን ያውቅላታል? መልሷ ግልጽ ነበር። ጸሎት ሲደረግ በጸጥታ ትቆማለች፤ አማትቢ የሚላት የለም። ቅዳሴ ሲኖር ከክፍሏ ልጆች ጋር መቀመጥ ትችላለች፤ ካልፈለግን ደግሞ ከአንዲት መምህርት ጋር ቤተ መጻሕፍት ትቆያለች። ምርጫውን ለእኛ ተወችው። የተስማማነውን በጽሑፍ አስቀምጣ ለክፍል መምህሯ ሰጠቻት። ያቺ ወረቀት ቀላል ነገር ትመስላለች፤ ግን በየዓመቱ መምህር ሲቀየር ከዜሮ ከመጀመር ያዳነችን እሷ ናት።

ግራ ተጋብታ ነበር ወይ ካልሽኝ፣ ጥያቄ ነበራት። አንድ ቀን መጥታ «አባዬ፣ እነሱም መርየምን ይወዷታል» አለችኝ። ያን ማታ ቁርኣን ከፍተን በመርየም ስም የተጠራውን 19ኛውን ሱራ አብረን አነበብን። ትምህርት ቤቱ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዞ እንዲመጣ ያደርጋልና ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ይኑር። እኛ ቤት ማታ ማታ ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ስልኬን አስቀምጬ።

ማለዳ፦

እኔ ሐሳቤ ለየት ይላል። ልጄን ያስገባሁት ለትምህርቱ ነው። መምህራኑ አይቀሩም፣ ደብተር በየቀኑ ይታያል፣ ልጁ ማንበብ በቶሎ ቻለ። ሃይማኖቱን እኛው ቤት እናስተምራለን። ይህን ለትምህርት ቤቱ ስነግር «ችግር የለም» ተባልኩ። ከጊዜ በኋላ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ልወስደው ስሄድ ኮሪደር ላይ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ምን አጥፍተህ ነው ስለው «ምንም አላጠፋሁም፣ የሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ስለሆነ ነው» አለኝ። በየሳምንቱ እንደዚያ ነበር ማለት ነው። ጓደኞቹ ውስጥ ሆነው እየዘመሩ እሱ ከበሩ ውጪ ግድግዳ ሲያይ ነው የከረመው።

ስለዚህ የሜዳ አበባ፣ «ችግር የለም» የሚል መልስ አይብቃሽ። በዚያ ሰዓት የት ይቀመጣል? ከማን ጋር? ምን እየሠራ? በይና ጠይቂ። እኔ በበኩሌ አሁንም ቢሆን ትምህርት ቤት ፊደልና ቁጥር ያስተምር፣ ሃይማኖቱን ለቤተሰብ ይተው ባይ ነኝ።

ጠመኔ፦

ካቶሊክ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሱኝ።

ማለዳ እህቴ፣ በልጅሽ ላይ የተደረገው ልክ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ሕግ እንኳ አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የቀኖና ሕግ ቁጥር 748 ማንንም ሰው ከሕሊናው ውጪ የካቶሊክን እምነት እንዲቀበል ማስገደድ ፈጽሞ አይፈቀድም ይላል። በ1988 ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከቫቲካን የወጣው ሰነድም የተማሪውና የቤተሰቡ የሃይማኖት ነጻነትና ሕሊና ይከበር ይላል። ሕሊናው ይከበር የተባለ ልጅ ደግሞ ኮሪደር ላይ አይጣልም። አየርላንድን ብትወስዱ አብዛኛው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው፤ የ1998ቱ የትምህርት ሕጋቸው ከወላጁ ሕሊና ጋር በሚጋጭ ትምህርት ላይ ተማሪ እንዲገኝ ማስገደድ አይቻልም ይላል፤ እንደዚያም ሆኖ ልጁ በዚያ ሰዓት የት ይዋል የሚለው እስካሁን ያከራክራቸዋል። ስለዚህ ያነሳሽው ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ልጁ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ገብቶ ከመምህር ጋር ያንብብ፣ ይሳል። ብቻውን አይሁን።

በሌላው ግን አልስማማም። ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሃይማኖቱን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አውጥቶ መልሶ የሚቆልፍበት መንገድ የለም። ግድግዳው ላይ መስቀል አለ። የእኔ ክፍል ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ የጸሎት ጠረጴዛ አለች። ጨርቋ እንደ ወቅቱ ይቀየራል፤ በመደበኛው ጊዜ አረንጓዴ፣ ከልደትና ከትንሣኤ በፊት ባሉት የዝግጅት ሳምንታት ሐምራዊ፣ በዓላቱ ሲገቡ ነጭ፣ በጰራቅሊጦስ ቀይ። ጨርቁን የሚቀይሩት ልጆቹ ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው በተራ። አንዱ በዚህ ጫፍ ሌላው በዚያ ጫፍ ይይዙና፣ ጥግ ከጥግ እስኪገጥም ምላሳቸውን ነክሰው ይጎትታሉ፣ ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን በሁለት እጃቸው ይዘው መሐል ላይ ያስቀምጣሉ። ካቶሊክ ያልሆነ ልጅ ተራው ሲደርስ ቤተሰቡ ምን እንደሚፈልግ ካላወቅሁ እቸገራለሁ። አንዳንዱ ወላጅ ደስ ይለዋል። አንዳንዱ አይፈልግም። ሁለቱም መብታቸው ነው፤ እኔ ግን ማወቅ አለብኝ።

የሜዳ አበባ፣ ስለዚህ ጠይቂ ብቻ ሳይሆን ንገሪም እልሻለሁ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት ስብሰባ) በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የልጆች የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች ወላጆቻቸው ናቸው ብሏል። የቀኖናው ቁጥር 796 ደግሞ መምህራን ወላጆችን ከልብ እንዲሰሙ ያዛል። ስለዚህ መምህሩን ሳስቸግረው ብለሽ አትሳቀቂ። ልጅሽ ሲፈራ ያለቅሳል ወይስ ዝም ይላል? ሽንት ሲመጣበት ይናገራል ወይስ ይይዛል? በግራ እጁ ነው የሚጽፈው? በቅርቡ ቤት ውስጥ ሐዘን ነበር? ሕፃን ተወልዷል? ቤት በምን ስም ነው የምትጠሩት? ይህን ግማሽ ገጽ ላይ ጽፈሽ ለመምህሩ ስጪ። የሚያውቁትን ስም ሰምቶ ዞር የሚል ልጅና በመዝገብ ስሙ ሲጠራ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ዝም የሚል ልጅ፣ የመጀመሪያ ሳምንታቸው በጣም ይለያያል።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ደግሞ የምታስቢውን ያህል ሃይማኖት የለም። የምናስተምረው ቦርሳ የት እንደሚሰቀል፣ ሽንት ቤት በየት በኩል እንደሆነ፣ ደወል ሲደወል ምን እንደሚደረግ፣ አንድ ልጅ ሲናገር ሌላው እንደሚሰማ ነው። ጸሎቱ አጭር ነው። የመምህራን ጠባቂ ተብሎ በ1950 የተሰየመው ፈረንሳዊው ቅዱስ ዣን ባፕቲስት ዴ ላ ሳል (1651–1719) የመሠረታቸው «ወንድሞች» የተባሉ መነኮሳት መምህራን ጸሎት ሲጀምሩ «በእግዚአብሔር ፊት መሆናችንን እናስታውስ» ብለው ትንሽ ዝም ይላሉ። የእነሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ባልሆንም ይህንን ወስጃለሁ። ልጆች ከሜዳ ሮጠው፣ አልበው፣ እየተገፋፉ ገብተው ድንገት ክፍሉ ጸጥ ይላል። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም በዚያች ዝምታ ውስጥ የራሱን ይላል፤ ምንም የማይልም አለ፤ ትንፋሹ ከተመለሰለት ይበቃኛል።

ሌላ አንድ ነገር። ካቶሊካዊው ካህን ዶን ቦስኮ (1815–1888) ጣልያን አገር ቱሪን ውስጥ ጠያቂ የሌላቸውን ልጆች ሰብስቦ ሲያሳድግ አሠራሩን በሦስት ነገር ላይ ነው ያቆመው፤ በምክንያት፣ በሃይማኖት፣ በፍቅር። መምህር በእረፍት ሰዓትም ሜዳ ላይ ከልጆቹ ጋር ይሁን ይል ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ማወቅ ከፈለግሽ በእረፍት ሰዓት ሂጂ። መምህራኑ የት ናቸው? ጥግ ላይ ብቻውን የቆመ ልጅ ካለ የሚያየው ሰው አለ? እኔ ከግድግዳ ላይ ሥዕልና ከወረቀት ላይ ዓላማ ይልቅ ይህን አምናለሁ።

የቀድሞ ተማሪ፦

መምህርት ጠመኔ፣ እርስዎ የጻፉትን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። እኔ የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ ዛሬ የምተዳደርበት ሙያ መሠረቱ እዚያ ነው የተጣለው። ግን ዓመቱ የሚከፈትበት ቀን እንደ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ጫማው ጥቁር ያልሆነ ልጅ ከሰልፍ ይወጣና ፊት ለፊት ይቆም ነበር። አጠገቤ የነበረው ልጅ ቡናማ ጫማ አድርጎ መጣ። የታላቅ ወንድሙ ነው፤ ከእግሩ እንዳይወልቅ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበታል። እየተራመደ ሲወጣ ጫማው ኳ ኳ ይል ነበር። ሁላችንም ሰማን። መዝሙር እስኪያልቅ፣ ጸሎት እስኪያልቅ፣ ማስታወቂያ እስኪያልቅ ቆመ። ከፊቱ የቆመው ሰው ደግሞ ያን ጠዋት ስለ ፍቅር ነበር የተናገረው።

እህቴ፣ የደንብ ልብስ ሕጉን ጠይቂ። ሁሉም ትምህርት ቤት ይህን ዝርዝር ይሰጥሻል። አንቺ ግን የሚጎድል ነገር ቢኖር ምን እንደሚደረግ ጠይቂ። የሚነገረው ለልጁ ነው ለወላጁ? በሰልፍ ፊት ነው ለብቻ? የብዙዎቹ መነኮሳት ማኅበራት ትምህርት ቤት የከፈቱት ለድሃ ልጅ ብለው ነው። ዴ ላ ሳልም ለዚያ ነው የተነሳው፤ ልጆቹ በላቲን ሳይሆን በሚናገሩት ቋንቋ ማንበብ እንዲጀምሩ ያደረገው ትምህርቱ ለእነሱ እንዲጠቅም ብሎ ነው። የዚያ ታሪክ ወራሽ የሆነ ትምህርት ቤት ልጅን በጫማው አያሳፍርም።

ሁለተኛ፣ እስካሁን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። የልጆች ደኅንነት። በቤተ ክርስቲያን ተቋማት ውስጥ በልጆች ላይ የደረሰውን ጥቃት ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም አምናለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ «ቮስ ኤስቲስ ሉክስ ሙንዲ» («እናንተ የዓለም ብርሃን ናችሁ») በሚለው ደንብ ካህናትና መነኮሳት እንዲህ ዓይነት ጥቃት መፈጸሙን ካወቁ እንዲያሳውቁ ግዴታ አድርገዋል። ይህ ከላይ ያለው ሕግ ነው። አንቺ የምትጠይቂው ግን በር ላይ ያለውን ነው። የልጆች ደኅንነት ኃላፊው ማን ነው? ስልኩ የት ተለጥፏል? አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ በር ውስጥ ብቻውን ይሆናል? ልጆች ንስሐ ሲገቡ የት ነው የሚቀመጡት፣ ከውጪ ይታያል? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ሃይማኖትን መድፈርም አይደለም። ጥሩ ትምህርት ቤት መልሱ አፉ ላይ ነው። ጥያቄው የሚያስቆጣው ትምህርት ቤት ካጋጠመሽ እዚያው ምላሽሽን አግኝተሻል።

ቤትም ለልጅሽ ንገሪው። «ለእናትህ እንዳትነግር» የሚል ትልቅ ሰው ካለ፣ አባም ይሁኑ ሲስተርም ትሁን መምህርም ይሁን የሰፈር ሰው፣ ወዲያው ለእኔ ትነግረኛለህ በይው። በስድስት ዓመቱ ይገባዋል።

የሜዳ አበባ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀድሞ ተማሪ፣ የመጨረሻውን ዛሬውኑ ነገርኩት። አንገቱን ነቅንቆ «እሺ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያው «ሲስተርም ብትሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ሲስተርም ብትሆን አልኩት።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ምናልባት ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ካላችሁ። ልጄ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከክርስትናው ጀምሮ ይቆርባል። እዚያ ግን ልጆች ቁርባን የሚጀምሩት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ ነው አሉኝ። ቅዳሴ ቀን ትልልቆቹ ሲሰለፉ እሱ ተነስቶ ቢሰለፍስ? ለእሱ ቁርባን ማለት ተሰልፎ መቀበል ነው።

የእሁድ አስተማሪ፦

እህቴ፣ ይህን አሁን ማሰብሽ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ወላጅ ትዝ የሚለው ቅዳሴው ከተቀደሰ በኋላ ነው። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

በላቲን (በምዕራቡ) ሥርዓት ልጆች ድሮ እስከ 10፣ 12 ዓመት፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ ይጠብቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ ይህን አሻሻሉ። ልጅ ማስተዋል ከጀመረ፣ ማለትም ወደ 7 ዓመት ገደማ ከሆነው፣ ይቁረብ አሉ። ለዚህ ነው ዝግጅቱ በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል አካባቢ የሚውለው። በምሥራቁ ሥርዓት ግን ጥምቀት፣ ሜሮንና ቁርባን አብሮ መስጠት የጥንት ሥርዓት ነው፤ የእናንተም እንደዚያ ነው። ልጅሽ ያየው ልክ ነው፤ እዚህ የሚያየው ሌላ ሥርዓት ነው። ንገሪው፦ «አንተ የምትቆርበው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትምህርት ቤት ቅዳሴ ሲኖር ወንበርህ ላይ ሆነህ ትጸልያለህ»። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ልጆቿ ሌላ ቦታ እንዲቆርቡ አትፈቅድም፤ ስለዚህ ለመምህሩም ለካህኑም አስቀድመሽ ንገሪ። በብዙ ቦታ የማይቆርቡ ልጆች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቀርበው ቡራኬ ብቻ ይቀበላሉ። ይህም ቢሆን እናንተ ከፈለጋችሁ ነው።

የዓመቱ መክፈቻ ቅዳሴ በብዙ ትምህርት ቤቶች የመንፈስ ቅዱስ ቅዳሴ ነው። ካህኑ ቀይ ይለብሳል፤ ለመምህራኑና ለተማሪዎቹ ጥበብና ማስተዋል ይለመናል። ለአንደኛ ክፍል ልጅ ረጅም ነው። መቆም፣ መቀመጥ፣ መንበርከክ አለ። ካህኑ ልጆችን የሚያውቅ ከሆነ ስብከቱን ያሳጥራል፤ ካላወቀ ግን የፊተኛው ረድፍ ይተኛል። ውኃ ጠጥቶ፣ ሽንት ቤት ሄዶ ይግባ።

የትምህርት ዓመቱ መቼ እንደሚጀምር ደግሞ ልብ በይ፤ እንደ አገሩ ይለያያል። በመስከረም አካባቢ በሚከፈትበት፣ ልጁ መጀመሪያ የሚያገኘው በጥቅምት የሚውለውን የመቁጠሪያ ጸሎት ወር ነው፤ ቀለል ያለ ጊዜ ነው። በፈረንጆች ጥር ወይም የካቲት በሚከፈትበት ግን ገና ደብተሩን ሳይለምድ የአመድ ረቡዕ ይመጣበታል። ልጅሽ ግንባሩ ላይ የአመድ መስቀል ይዞ ቤት ቢመጣ አትደንግጪ። አመዱ ያለፈው ዓመት የሆሣዕና ዘንባባ ተቃጥሎ የሚገኝ ነው፤ ጾም መጀመሩን ያሳያል። እንዲቀባ ካልፈለግሽ ቀኑን አይተሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ካላንደራቸውን በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጠይቂና ቅዳሴና በዓል ያለበትን ቀን ሁሉ ስልክሽ ላይ መዝግቢ።

ማለዳ፣ ላንቺም አንድ ነገር ልበል። መምህርቷ የጠቀሱት የ1988ቱ ሰነድ የሃይማኖት ትምህርትንና ትምህርተ ክርስቶስን ለይቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። አንደኛው እውቀት ነው፤ ክርስቲያኖች ምን ያምናሉ፣ መጽሐፉ ምን ይላል የሚል። ሁለተኛው ያመነን ሰው በእምነቱ ማሳደግ ነው፤ የቁርባን ዝግጅት የመሰለው። ትምህርት ቤቱን በዚያ ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ ጠይቂያቸው። እውቀቱ ከሆነ ልጅሽ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ላይከብድሽ ይችላል። ዝግጅቱ ከሆነ መውጣቱ ተገቢ ነው፤ ግን ወደ ሰው ይውጣ።

ማለዳ፦

ወንድሜ፣ ይህን ልዩነት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ደብተሩን አውጥቼ አየሁት፤ ከመውጣቱ በፊት የጻፋት የመጀመሪያ ገጽ ስለ ኖኅ መርከብ ናት። ይህማ እኛም ቤት የምንነግረው ነው። ስለ ኮሪደሩ ግን አሁንም ንዴቴ አልበረደም። ዓመቱ ሲጀመር እንደገና ልሄድ ነው። ምን ብዬ ልጻፍላቸው? ስናደድ ቃል ይጠፋብኛል።

ጠመኔ፦

አጭር ጻፊ። ያየሽውን፣ ያየሽበትን ቀን፣ ልጁ ያለሽን ቃል በቃል አስቀምጪ። ቀጥለሽ ዘንድሮ የምትፈልጊውን ጻፊ፤ በዚያ ሰዓት ልጄ ከአንድ መምህር ጋር ክፍል ውስጥ ይሁን፣ የሚሠራው ነገር ይሰጠው፣ የት እንደሚሆን በጽሑፍ ይገለጽልኝ በይ። መልስ የምትጠብቂበትን ቀን ጨምሪበት። ስድብ አታስገቢ፤ አቤቱታሽ በራሱ ከበቂ በላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ካልመለሰ በብዙ ሀገረ ስብከት ካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን የሚከታተል ክፍል አለ፤ ጳጳሱ በግዛታቸው ያሉትን ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የመከታተልና የመጎብኘት መብት በቀኖናው ቁጥር 806 ተሰጥቷቸዋል። ያው ቁጥር ትምህርቱም በአካባቢው ካሉት ሌሎች ትምህርት ቤቶች ያላነሰ እንዲሆን ኃላፊነቱን በርዕሰ መምህራን ላይ ይጥላል፤ ወላጆች ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

የሜዳ አበባ፦

ዛሬ የአዲስ ወላጆች ስብሰባ ነበር፤ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ጥያቄዎቻችሁን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሌላው ወላጅ የሚጠይቀው ስለ ደብተር ብዛትና ስለ መኪና ማቆሚያ ነበር። እኔ የልጆች ደኅንነት ኃላፊው ማን ነው ስል አዳራሹ ጸጥ አለ። ዳይሬክተሯ አንዲት መምህርት አስነስተው «እሷ ናት» አሉ፤ ስልኳም በር ላይ ተለጥፎ አሳዩን። ከስብሰባ በኋላ ሁለት እናቶች መጥተው «እኛም ልንጠይቅ ፈልገን ነበር» አሉኝ።

ስለ ደንብ ልብስ የተሰጠን መልስ ግን አላረካኝም። «ሥርዓት ሥርዓት ነው» ብቻ ተባልን። እሱን ከክፍል መምህሩ ጋር ለብቻ አነሳዋለሁ። ስለ ቅዳሴው እሺ ብለዋል፤ ወንበሩ ላይ ይቆያል።

የቀረኝ መለያየቱ ነው። በር ላይ ቢያለቅስ ምን ላድርግ? ልግባ ወይስ ልሂድ?

የሦስት ልጆች አባት፦

በርቺ እህቴ። መካከለኛው ልጄ ሰኞ ሰኞ በጣም ያስቸግር ነበር። እናቱ ስታደርሰው ያለቅሳል፣ እኔ ሳደርሰው ዝም ይላል። እኔ ነበርኩ የማደርሰው ከዚያ በኋላ።

ጠመኔ፦

ሳትነግሪው ተደብቀሽ አትሂጂ፤ ዞር ሲል ካጣሽ በማግሥቱ ቀሚስሽን አይለቅም። ተሰናበቺው፣ ማን እንደሚወስደው ንገሪው፣ ሂጂ። ሰዓት ገና ስለማይገባው «ምሳ በልታችሁ፣ ተጫውታችሁ፣ የመጨረሻው ደወል ሲደወል እመጣለሁ» በይው። ያልሽው ሰዓት ላይ በር ላይ ተገኚ። ለቅሶው ብዙውን ጊዜ አንቺ ከበር ሳትርቂ ይቆማል፤ እኛ እናየዋለን፣ አንቺ ግን ስለማታዪው ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ የዋለ ይመስልሻል። መምህሩን በስልክ መልእክት እንዲነግርሽ ለምኚው። እኔ እልካለሁ፤ አንድ መስመር ነው።

ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ ብለሽ አትዘናጊ። ብዙ ልጆች የሚያለቅሱት በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ በየቀኑ መምጣት እንዳለባቸው ያኔ ነው የሚገባቸው። ማታ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ስትዪው «ምንም» ይልሻል። በእረፍት ከማን ጋር እንደተጫወተ ጠይቂው። የአንድ ልጅ ስም ከጠራልሽ ያንን ስም ያዢና የልጁን እናት በር ላይ ፈልጊያት።

ማለዳ፣ ደብዳቤሽን ለዳይሬክተሩ ብቻ አትስጪ። ለክፍል መምህሩም ግልባጭ ይድረሰው፤ ልጅሽን በየቀኑ የሚያየው እሱ ነው።